ባር ሙሉ፣ ዳታ የለም፦ የጣና ዳር ሳይቶችን እንዴት እናስማማ?

ስልኩ አራት ባር ያሳያል። ፎቶ ግን አይላክም፣ ቪዲዮውም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ባሕር ዳር ላይ አመሻሽ ሐይቁ ዳር የሚንሸራሸር ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው ሲያማርር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ታወር ይጨመር» ወይም «ፓወሩ ከፍ ይበል» ነው። ሁለቱም ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ሊወስዱት ይችላሉ። ባሩ ሙሉ ከሆነ ሲግናል አልጠፋም። የጠፋው ጥራት ነው፤ ጥራቱን የሚበላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ጎረቤት ሳይት (አንቴና የተሰቀለበት ጣቢያ) ነው።

የምጽፈው ለሬዲዮ ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም የሞባይል ሲግናልን ለማስተካከል ሥራ፣ ጀማሪዎች ነው። ከፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተመርቃችሁ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ወይም ይህን ርዕስ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዛችሁ። የማወራው በዋናነት ስለ 4ጂ ነው፤ ሐሳቡ ግን 5ጂ ላይም ይሠራል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሳይቶችን ማስማማት የሚጀምረው ከአንቴና ነው። ሶፍትዌር የሚመጣው በኋላ ነው። አንቴናው ማየት የሌለበትን ቦታ እያየ ላይሰንስ መግዛት ገንዘብ ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው።

ለምን ይረባበሻሉ?

በ2ጂ ጎረቤት ሳይቶች የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ተከፋፍለው ይሠራሉ። 4ጂ ላይ ግን እያንዳንዱ ሴክተር (ሳይቱ በአንድ አቅጣጫ የሚያገለግልበት አንቴና) ያንኑ ባንድ ሙሉውን ይጠቀማል። ለከተማው አቅም ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በሁለት ሴል (አንድ ሴክተር የሚሸፍነው አካባቢ) ድንበር ላይ የቆመው ሰው ነው። መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ረዳቶች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ «ጎንደር»፣ ሌላው «ማርቆስ» እያሉ ሲጮሁ አስቡት፤ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ከፍ ያደርጋል፣ ተሳፋሪው ግን አሁንም የሚሰማው ጫጫታ ነው።

በቁጥር እንየው። ስልኩ ከራሱ ሴል በ-85 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይበረታል) ይሰማል፤ ይህ በጣም ጥሩ ጉልበት ነው። ጎረቤት ሴልም በ-85 ከደረሰው የሲግናልና የኢንተርፈረንስ (የጎረቤት ረብሻ) ምጥጥኑ 0 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። በዚያው ጉልበት ሌላ ሁለተኛ ጎረቤት ከተጨመረ ወደ -3 ይወርዳል። አሁን ሁሉም ሳይቶች ፓወራቸውን በ3 ዴሲቤል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ቢጨምሩስ? ምጥጥኑ ንቅንቅ አይልም። የመብራት ፍጆታው ብቻ ይጨምራል።

እኛ ጋ ደግሞ ሐይቁ አለ። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በላዩ ላይ ሲግናል የሚያቆም ሕንፃም ዛፍም የለም። 30 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ አንቴና የሬዲዮ አድማሱ 22 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጀልባ ላይ ያለው ስልክ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ሌላ 5 ኪሎ ሜትር ይጨምርለታል። ከተማ ውስጥ በግድግዳና በዛፍ ተውጦ በአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደክመው ሲግናል፣ ፊቱን ወደ ውሃው ካዞረ ማዶ ያለውን ዳርቻ አልፎ ሊሄድ ይችላል። የውሃው ወለል ራሱ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ይደምቃል፣ ጥቂት ሜትር ሲርቁ ይደበዝዛል። ካርታ ላይ ሩቅ የሚመስሉ ሁለት ሳይቶች በሐይቁ በኩል የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ደረቅ መሬት ላይ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ቶሎ አያየውም።

ሳትለኩ ምንም አትንኩ

ድራይቭ ቴስት (እየተንቀሳቀሱ ኔትወርኩን መለካት) በመኪና ብቻ አይበቃም። ከጊዮርጊስ አካባቢ ጀምራችሁ በሐይቁ ዳር በእግር ሂዱ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይም በእግር ተሻገሩ፤ ወንዙ ላይ ሁሉም አቅጣጫ ክፍት ስለሆነ ስልኩ ብዙ ሴል በአንዴ ሊያይ ይችላል። ከዚያ ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ተሳፍራችሁ እየለካችሁ ሂዱ። ደጋግሜ የምመክረው የጀልባውን ልኬት ነው። የትኛው ሴክተር ውሃው ላይ ያለ ሥራው እንደሚረጭ ቢሮ ቁጭ ብሎ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

የምትፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው፦ ጉልበትና ጥራት፤ ጥራት ያልኩት ያንን የሲግናልና የኢንተርፈረንስ ምጥጥን ነው። ጉልበቱ ከ-110 ዲቢኤም በታች ከሆነ ችግሩ የሽፋን ነው፤ እዚያ ይህ ጽሑፍ አይረዳችሁም። ጉልበቱ ከ-90 የተሻለ ሆኖ ጥራቱ ከ5 ዴሲቤል በታች ከሆነ ግን ኢንተርፈረንስ ነው። እዚያው ነጥብ ላይ ከዋናው ሴል በ6 ዴሲቤል ክልል ውስጥ ስንት ሌላ ሴል እንደሚሰማ ቁጠሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቦታው ጌታ አጥቷል ማለት ነው። ማን እንደሚገዛው አልተወሰነም።

ቀጥሎ የታይሚንግ አድቫንስ (ሳይቱ የስልኩን ርቀት የሚያውቅበት ቁጥር) ስታቲስቲክስ አውጡ። ይህ ከሲስተሙ በነፃ የሚገኝ ወርቅ ነው። አንዱ እርከን 78 ሜትር ገደማ ነው። ለ1 ኪሎ ሜትር የታሰበ ሴክተር ተጠቃሚዎቹ በሙሉ እስከ 13ኛው እርከን መገኘት አለባቸው። 150ኛው፣ 200ኛው እርከን ላይ ተጠቃሚ ካገኛችሁ እነዚያ ሰዎች ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ከባሕር ዳር መሀል ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ማለት ውሃ ላይ፣ አለዚያም ሌላ ዳርቻ ላይ ማለት ነው። የዚያን ሴክተር ስም በቀይ ጻፉ።

ወደ ሳይት የሚመጣውን አቅጣጫም አትርሱ። የአንድ ሪሶርስ ብሎክ (ባንዱ የሚከፋፈልበት ትንሽ ቁራጭ) የተፈጥሮ ጫጫታ -121 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ የሪሲቨሩ የራሱ ጫጫታ ሲታከልበት -118 ገደማ ይሆናል። ሲስተሙ -105 ካሳያችሁ አንድ ነገር እየረበሸ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዩት። ተጠቃሚ ሲተኛ አብሮ የሚወርድ ከሆነ የራሳችን ኔትወርክ ጫጫታ ነው። ሌሊትም እንዳለ ከቆየ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ያልተፈቀደ የኔትወርክ ማጉያ ይሆናል። እሱን በፓራሜትር አትታገሉት። በአቅጣጫ አንቴና ፈልጋችሁ ቦታውን ለዩ፣ ባለቤቱን በሰላም አነጋግሩ፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ይሂድ። ሰውዬው ብዙውን ጊዜ የገዛው እቃ ሰፈሩን ሁሉ እንደሚያውክ አያውቅም።

አንቴናውን ዝቅ አድርጉት

ከሁሉም በላይ ውጤት የሚያመጣው ይህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት።

30 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ፣ የቁም ጨረሩ ስፋት 7 ዲግሪ የሆነ አንቴና ውሰዱ። ቲልቱ (ወደ ታች ያጎነበሰበት ማዕዘን) 2 ዲግሪ ከሆነ የጨረሩ የላይኛው ጠርዝ ከአድማሱ በላይ ይወጣል። ማለትም የጉልበቱ ከፊል ወደ ሰማይና ወደ ሩቅ ዳርቻ እየፈሰሰ ነው። ቲልቱን 6 ዲግሪ አድርጉት። አሁን መሀሉ ከታወሩ 285 ሜትር ላይ መሬት ይነካል፣ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ 690 ሜትር አካባቢ ላይ ያርፋል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ሲግናሉን ጨርሶ አያጣውም፤ ግን ጉልበቱ በፍጥነት ስለሚወርድ ለጎረቤት ሴል ቦታውን ይለቃል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንቴናው የተሰቀለበትን ከፍታ ለማዕዘኑ ታንጀንት ማካፈል። በስልካችሁ ካልኩሌተር ይሠራል። እንደ ቤዛዊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሚሰቀል አንቴና የኮረብታውን ቁመት መደመር አለባችሁ። ያን ጊዜ ለሜዳ የሚበቃ ቲልት ጭራሽ እንደማይበቃ ታያላችሁ።

ቲልት ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሜካኒካሉ አንቴናውን በአካል ያጎነብሰዋል፤ ፊት ለፊት ያለውን ይቀንሳል፣ ጎንና ጎኑን ግን እምብዛም አይነካም፣ የኋላውን ጨረር ደግሞ ሽቅብ ያነሳዋል። ኤሌክትሪካሉ ዙሪያውን እኩል ይሰበስባል። ምርጫ ካላችሁ ኤሌክትሪካሉን ቅድሚያ ስጡት። ሞተር ከተገጠመለት ቢሮ ሆናችሁ ትቀይሩታላችሁ፤ ሰው ታወር ላይ መውጣት የለበትም። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ፣ ከዚያ ልኬት። በአንድ ቀን አምስት ሴክተር ነክታችሁ ውጤቱ ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁትም።

አሁን ወደ ውሃው። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ ሴክተሮችን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሁሉንም ዝቅ ማድረግ ይቀናል፣ ግን ቆም በሉ። ውሃው ላይ ሰው አለ። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው፣ በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ምዕመን፣ ዘጌና ደቅ ላይ የሚኖረው ገበሬ፣ ማዕበል ሲነሳ የሚደውልበት ኔትወርክ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐይቁን የሚያገለግል አንድ ወይም ሁለት ሴክተር በስም ይመረጥ። እነዚያ ሆን ተብለው ሩቅ ይዩ፤ ሌሎቹ በሙሉ ዝቅ ይበሉ፣ ወይም አቅጣጫቸው ከውሃው ወደ ዳርቻው መንገድ ይዙር። አስር ሴክተር በአጋጣሚ ውሃውን ከሚያይ ሁለት በውሳኔ ቢያየው ለዓሣ አጥማጁም ይሻላል፤ ስልኩ ከሴል ወደ ሴል መዝለሉን ያቆማል።

ለሐይቅ ለተመረጠው ሴክተር አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ስልክ ወደ ሳይቱ ለመግባት የሚልከው የመጀመሪያ ጥሪ የርቀት ገደብ አለው። መደበኛው ፎርማት 0 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ ያለ ስልክ ባር ያያል፣ ግን ሲደውል አይሳካለትም። ፎርማት 1 እስከ 77 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሴሉን ራዲየስና ይህን ፎርማት አብራችሁ ቀይሩ። አለዚያ ለሰውየው ባዶ ተስፋ ነው የሰጣችሁት።

የሴል መለያና የጎረቤት ዝርዝር

4ጂ ላይ 504 የሴል መለያ ቁጥሮች አሉ፤ 5ጂ ላይ 1,008 ናቸው። ቁጥሩ ከሴሎቹ ብዛት ስለሚያንስ መደጋገሙ አይቀርም። አንድ ቦታ ላይ አብረው የሚሰሙ ሁለት ሴሎች አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ስልኩ ይምታታበታል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የሚያልፉት ሌላውን ነው፦ ቁጥሩ ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው። ሁለት ሴሎች ቀሪያቸው አንድ ከሆነ፣ ሁለት አንቴና በሚልክ ሳይት ላይ፣ የማጣቀሻ ሲግናላቸው (ስልኩ ሴሉን የሚለካበት፣ ሁልጊዜ የሚላክ ሲግናል) አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ 120 እና 363 ለዓይን አይመሳሰሉም፤ ሁለቱም ለ3 ሲካፈሉ ቀሪያቸው ዜሮ ነው። እንዲህ ያሉ ሴሎች በውሃው በኩል ፊት ለፊት ከተያዩ ኔትወርኩ ባዶ በሆነበት ሰዓት እንኳ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ፕላኑን ስትሠሩ በሐይቁ ማዶና ማዶ ያሉትን እንደ ግድግዳ ጎረቤት ቁጠሯቸው። ሶፍትዌሩ ርቀትን ብቻ ካየ ይህን ስለማይነግራችሁ በእጃችሁ አስገቡት።

የጎረቤት ዝርዝሩም እንዲሁ። አንድ ሴል ከዝርዝሩ ከጎደለ ስልኩ ወደ እሱ መሻገር አይችልም፤ የተሻለው ሴል አጠገቡ ሆኖ የተዳከመውን ይዞ ይቆያል፣ አዲሱ ሴልም ይረብሸዋል። አውቶማቲክ የጎረቤት ፍለጋው ሥራውን ይሠራል፣ ግን በየወሩ በዓይናችሁ እዩት።

ሳይቶቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ

አንቴናው ከተስተካከለ፣ መለያው ከተጣራ በኋላ ነው ወደዚህ የሚመጣው። የ4ጂ ሳይቶች ኤክስ2 በሚባል መስመር በቀጥታ ይነጋገራሉ። ከመጀመሪያው የ4ጂ ስታንዳርድ፣ ከሪሊዝ 8 ጀምሮ፣ ሦስት ዓይነት መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዱ «በእነዚህ ብሎኮች ላይ ከፍ ባለ ፓወር እልካለሁ» ይላል። ሁለተኛው «በእነዚህ ብሎኮች ላይ ዳር ያለ ተጠቃሚዬ ይልካል፣ ተጠንቀቅ» ይላል። ሦስተኛው «እነዚህ ብሎኮች ላይ ጫጫታ በዝቶብኛል» የሚል ስሞታ ነው። መስመሩ ተዘርግቶ፣ ፊቸሩ ተከፍቶ፣ መልእክቱ ሳይለዋወጥ የቀረበት ሳይት ያጋጥማል። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ በእርግጥ መነሳቱን ቆጣሪው ላይ አረጋግጡ።

በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው። 10 ሜጋኸርዝ ካላችሁ 50 ሪሶርስ ብሎክ አለ። በሦስት ክፈሉት፦ 17፣ 17፣ 16። እያንዳንዱ ሴክተር ከሦስቱ አንዱን ክፍል ዳር ላሉ ተጠቃሚዎቹ በሙሉ ፓወር ይጠቀምበታል። የቀሩትን ሁለቱን ለቅርብ ሰዎች ብቻ፣ ዝቅ ባለ ፓወር። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሴክተሮች አንድ ዓይነት ክፍል እንዳይደርሳቸው በካርታ ላይ በሦስት ቀለም ቀቡት፤ ስህተቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህ ግን በነፃ አይመጣም። ዳር ያለው ሰው ጥራት ያገኛል፣ የብሎክ ብዛት ያጣል። ፔዳ (ሌላው የዩኒቨርሲቲው ግቢ) አካባቢ ተማሪ በሚበዛበት ሰዓት ያንን ማጣት አቅም ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የምመክረው ድንበሩ በተበላሸበት ሰፈር ብቻ እንጂ ከተማውን በሙሉ አይደለም።

ከስልክ ወደ ሳይት ለሚሄደው ደግሞ ከሁሉ የሚበጀው የፓወር ቁጥጥር ነው። አልፋ የሚባለው ፓራሜትር 1 ከሆነ ዳር ያለ ስልክ የመንገዱን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ለማካካስ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ጎረቤት ሳይት ውስጥ ይገባል። ወደ 0.8 አውርዱት። ዳር ያለው ሰው ትንሽ ፍጥነት ያጣል፣ የጎረቤቱ ጫጫታ ግን ይወርዳል። በፊትና በኋላ ያንን የ-118 ቁጥር አወዳድሩ።

ትንንሽ ሳይት ትልቁ ሳይት ሥር ሲቀመጥ ሌላ ዘዴ አለ፤ በሪሊዝ 10 የመጣ። ገበያ ውስጥ ወይም ስታዲየም አጠገብ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ሳይት ትልቁ ስለሚውጠው ሰው አይገባበትም። ስለዚህ ትልቁ በየተወሰነው ሚሊሰከንድ ዳታ መላኩን ያቆማል። ከ40 ሚሊሰከንድ 8ቱን ዝም ቢል 20 በመቶ ነው። በዚያ ክፍተት ትንሹ ዳር ያሉ ሰዎቹን ያስተናግዳል። ትንሹን በ6 ዴሲቤል ማበረታቻ ሰው እንዲገባበት አድርጉ፣ ከዚያ በዚህ ምክንያት ከገባበት ሰው ብዛት አንጻር የትልቁን የዝምታ መጠን አስተካክሉ። ትንሹ ባዶ ሆኖ ትልቁ ዝም ካለ ግን ኪሳራ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰዓታቸው ከተናበበ ነው፤ ጂፒኤስ ወይም በኔትወርክ የሚመጣ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል። መላክና መቀበል በአንድ ፍሪኩዌንሲ በሚፈራረቁበት ሲስተም ላይ ደግሞ ሰዓቱ ግዴታ ነው፦ በሁለት ሴሎች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ማይክሮሰከንድ መብለጥ የለበትም። የአንድ ሳይት ጂፒኤስ አንቴና ተነቅሎ ሰዓቱ ቢሸሽ የሰፈሩ ሳይት ሁሉ ይታመማል፣ እሱ ግን ራሱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የሰዓት አላርም ላይ አትተኙ።

ሁለት ሳይት ለአንድ ስልክ አብረው የሚልኩበት የሪሊዝ 11 ዘዴም አለ። ጥሩ ነው፣ ግን በሳይቶቹ መካከል ፈጣን ፋይበር ይፈልጋል። በማይክሮዌቭ እየተቀባበለ ለሚደርስ ሳይት አትድከሙበት።

ከቀየራችሁ በኋላ

አማካይ ፍጥነትን ብቻ አትዩ። አማካዩ ታወር ሥር በቆመው ሰው ይሞላል። ከታች ያሉትን 5 በመቶ ተጠቃሚዎች ፍጥነት እዩ፤ ኢንተርፈረንስ የሚጎዳው እነሱን ነው። የጥሪ መቋረጥን፣ የሃንድኦቨር (ከሴል ወደ ሴል መሻገር) ውድቀትን፣ ስልኮች የሚልኩትን የጥራት ሪፖርት ጨምሩበት። ቅዳሜን ከቅዳሜ፣ ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር አወዳድሩ። ገበያ ቀንን ከተራ ቀን፣ የጥምቀትን ሳምንት ከማንኛውም ሳምንት ጋር ማወዳደር የትም አያደርስም። የቀድሞውን ዋጋ ሁሉ ሳትነኩ በፊት በፋይል አስቀምጡ፤ ቢበላሽ በአምስት ደቂቃ መመለስ መቻል አለባችሁ።

አዲስ ሳይት ሥራ በጀመረ ቁጥር ዙሪያውን ያሉትን ሴክተሮች ቲልት እንደገና አስሉ። ዓባይ ማዶ አንድ ታወር ሲነሳ እስከዚያ ድረስ ያንን ሰፈር ከወንዙ ወዲህ ሆነው ይሸፍኑ የነበሩት አንቴናዎች እንደነበሩ ከቀሩ፣ አዲሱ ሳይት የመጣው ሊያግዝ ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ታወሩ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ምሽት የጎረቤቶቹን ቲልትና የሴል መለያ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ ሳይቱ በተከፈተበት ሰዓት አብራችሁ ቀይሩት።